ቅዳሜ በቃዲማ

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ዛሬ ሐሙስ ማታ ነው። ዝግጅታችን ስለ ሰንበት ሆኖ ሳለ ሐሙስ ማታ የምናቀርበው ሆን ብለን ነው፤ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ብናነሣው ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ዳስ እንደ መጣል ይሆንብናል። ብዕርና ወረቀት በቅርብ ያላችሁ አቅርቡ፤ የሌላችሁም ጆሯችሁ ይበቃል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ቃዲማ ዞራን ነው። ከነታንያ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላ በሻሮን ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቃዲማ የተቆረቆረችው በ1933 ነው፤ በዚያ ዘመን ለሰፋሪዎች መሬት በመግዛት ስሙ የታወቀው ኢየሆሹዓ ሐንኪን ነበር መሥራቿ። ዞራን ግን የቅርብ ጊዜ ልጅ ናት፤ በ1992 ተሠራች። በ2003 ሁለቱ በአንድ ምክር ቤት ሥር ገቡ። ነገሩ እንደ ጋብቻ ነው፤ ተጋቡ እንጂ አንዷም ስሟን አልለቀቀችም።

ስሟን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ጆሮዬ ቆመ። ቃዲማ በዕብራይስጥ «ወደፊት» ማለት ነው፤ በጥንቱ ዕብራይስጥ ደግሞ «ወደ ምሥራቅ»። እኛም ቀደመ፣ ቀዳሚ፣ ቅድም እንላለን። ቅዳሜም ከዚያው ቤት ነው፤ በግዕዝ ቀዳሚት ሰንበት፣ ከእሑድ የቀደመችው ሰንበት ማለት ነው። ቃዲማና ቅዳሜ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ነታንያ የሚኖሩት አማቴ ይህን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁ። «ታዲያ በቅዳሜ ስም አገር ተቀምጣችሁ እንዴት አታውቁባትም?» አሉኝ።

እንዲህ ያሉበት ምክንያት አለ። በዲሴምበር ወር አንድ ዐርብ «በአራት ሰዓት እንመጣለን» ብዬ ደውዬላቸው ነበር። እኔ ያልኩት የእዚህን አገር አራት ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ። እርሳቸው የሚያውቁት አራት ሰዓት ደግሞ የረፋዱን ነው። ቡናውን ከረፋድ ጀምረው አቅርበው ጠበቁን። እኛ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ቀርቷታል፤ በዲሴምበር በእኛ አካባቢ ከአራት ሰዓት ተኩል ብዙም ሳታልፍ ትጠልቃለች፤ ሻማው የሚበራው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ነው። የመኪናው የኋላ ወንበር በገበያ ከረጢት ሞልቷል። እኔና ባለቤቴ ከቃዲማ እስከ ነታንያ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አማቴ በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ከረጢቶቹን፣ ቀጥሎ የእኛን ፊት አዩ። «ሰንበት ደጅ ቆማ እናንተ ገና ከገበያ?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ዛሬ የማካፍላችሁም ከዚያ ንግግር የወጣውን ነው።

በመጀመሪያ ስንት ሰዓት እንዳለን እንቁጠር። በእስራኤል በ1951 የወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ለሠራተኛ በየሳምንቱ ቢያንስ 36 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ለአይሁዳዊ ሠራተኛ ቅዳሜ በዚያ ውስጥ መሆን አለባት። በዕረፍቱ ሰዓት እንዲሠራ የተደረገ ሰው፣ ለምሳሌ በጥበቃ ወይም በአረጋውያን ቤት ፈረቃ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ የመደበኛውን አንድ ተኩል እጥፍ ሊከፈለው ይገባል። የደመወዝ ወረቀታችሁን ስትቀበሉ ይህን መስመር ፈልጉት፤ «አያስፈልግም፣ ይተማመኑብናል» የሚለው ትሕትና እዚህ ላይ አይሠራም።

36 ሰዓት ያንሳል? ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ትስቃለች። ዘመቻ ሰሎሞን የተጀመረው ሜይ 24 ቀን 1991 ነው። ቀን መቁጠሪያ ብትገልጡ ዕለቱ ዐርብ ነበር። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ የቤተ እስራኤል ሰው በአይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደዚህ መጣ። አማቴ ከእነዚያ መካከል ናቸው፤ ሰንበት የገባችባቸው አየር ላይ ነው። ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራልና አይሮፕላኖቹ ቅዳሜም ሲመላለሱ ዋሉ። ስለዚህ በእኛ ቤት «ጊዜ የለም» የሚባለው ቃል ረከሰ፤ ጊዜውማ ነበር፣ የምንጠቀምበት አያያዝ ነው የጠፋብን።

አያያዙን አማቴ ያውቁታል። ጎንደር ገጠር ሳሉ ሐሙስ ልብስ ይታጠባል፤ ዐርብ እንጨት ይሰበሰባል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ጠላው ይጠለላል፣ ዳቦው ይጋገራል። ዐርብ ቀትር ካለፈ በኋላ ወንዝ ወርዶ ገላ መታጠብና ንጹሕ ልብስ መልበስ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ የሚበላው ምግብ ቀዝቃዛ ነው፤ ቡና የለም። ቄሱ የባረኩት ዳቦ ለሁሉም ይዳረሳል። «ሰንበት ያርፍ የነበረው ሰው ብቻ አልነበረም» ይሉኛል፤ «ምድጃውም ያርፍ ነበር።» አሁን እዚህ ፕላታ በሚባለው የሰንበት ምግብ ማሞቂያ ላይ ወጥ ሞቆ ያድራል፤ እርሳቸውም አይጠሉትም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በእርሳቸው አነጋገር ሰንበት የተሠራችው ሐሙስና ዐርብ ላይ ነው። ቅዳሜ የሚደረግ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ጠባችን ልመለስ፤ ፍሬ ነገሩ እዚያ ነውና። ያን ዐርብ ሱፐር የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ በእጇ የጻፈችውን ወረቀት ይዤ አንድ በአንድ ጭኜ መጣሁ። መኪና ስንገባ «የእናቴ የዳቦ ዱቄትስ?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የለም። «አልነገርሽኝማ!» አልኳት፣ እንደ ረታሁ ሰው። ዝም ብላ ቆየችና «መንገሩም እኮ ሥራ ነው» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አጣሁ። እስከዚያ ቀን ራሴን ጥሩ ባል አድርጌ ነበር የማየው፤ ሸቀጥ እገዛለሁ፣ ወለል አጸዳለሁ፣ ቆሻሻ አወጣለሁ። ግን ዘይቱ ወደ ታች መውረዱን የምታየው፣ ሳሙናው ማለቁን የምታስታውሰው፣ የእናቷ ዱቄት ለስንት ቀን እንደሚበቃ የምታሰላው እሷ ናት። እኔ የመጨረሻውን ጫፍ ይዤ እሮጣለሁ። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ አርሊ ሆክሺልድ በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ከደመወዝ ሥራ ተመልሶ ቤት የሚጠብቀውን ሥራ «ሁለተኛው ፈረቃ» ብላዋለች፤ ያ ፈረቃ በአብዛኛው የሴቷ መሆኑንም አሳይታለች። የዚያ ፈረቃ ከባዱ ክፍል ደግሞ ለዓይን አይታይም፤ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚሠራው።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክርብናል። «ላግዝሽ?» እንላለን። ቃሉ ደግ ነው፣ ለጎረቤት ለዘመድ የምንለው ቃል ነው። ግን ሰው የሚያግዘው የሌላውን ሥራ ነው። ማሳው የእኔ ከሆነ «ላግዝ» አልልም፤ አርሳለሁ። ቤቱ የሁለታችን ሆኖ ሳለ ለምን አጋዥ ሆኜ እገባለሁ? በድሮው ኑሮ እርሻው የወንድ፣ ምድጃው የሴት ስለነበር ሁለቱም እኩል ደክመው ይገናኙ ይሆናል። እዚህ ግን እሷም እንደ እኔ ማለዳ አውቶቡስ ይዛ ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች።

ስለዚህ ያደረግነው ቀላል ነው፤ ሥራውን ከሥሩ እስከ ጫፉ ተካፈልን። ገበያ የእኔ ሆነ፤ ጓዳውን ማየቱ፣ ወረቀቱን መጻፉ፣ መግዛቱ፣ መደርደሩ፣ ሁሉም። የእናቷ ዱቄትም በእኔ ገባ። ልብስ፣ የቤት ሒሳብና የሐኪም ቀጠሮ የእሷ ነው። ወጥ በተራ ነው፤ በእኔ ተራ ምስር ወጥ እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቃል፣ ማንም አቤቱታ አላቀረበም። እንጀራ ሁለታችንም ስለማንጋግር ከነታንያ የሐበሻ ሱቅ እንገዛለን፤ ይህን አማቴ ፊት አናነሣም።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ሥራው የእኔ ከሆነ እሷ ከኋላዬ መጥታ አትቆጣጠርም። እሷ ከለመደችው ሌላ በርበሬ ባመጣ ዝም ማለት አለባት። ይህ ከገበያው በላይ እንደሚያደክማት ራሷ ነግራኛለች።

(አጭር ዜማ)

ገበያውን ካነሣን አይቀር፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ። በዐርብ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩልና ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። አምስት ሰዓት ላይ ሰልፉ እስከ ወተቱ ማቀዝቀዣ ይደርሳል። ከዐርብ ይልቅ ሐሙስ ማታ ይሻላል፤ ይህን ዝግጅት ሰምታችሁ ስትጨርሱም ብዙ ሱፐሮች ገና ክፍት ናቸው።

ከቤት ስትወጡ ከረጢት ያዙ። ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ትልልቆቹ ሱፐሮች ለአንድ ፌስታል 10 አጎሮት ያስከፍላሉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ግን ቤታችን ከመታጠቢያው ሥር የተጠራቀመውን የፌስታል ተራራ ያስቀረልን እሱ ነው። ባዶ ጠርሙስም አትጣሉ። ፒካዶን የሚባለው መያዣ ለአንዱ 30 አጎሮት ነው፤ ከ2021 ዲሴምበር ጀምሮ ትልቁን የሊትር ተኩል ጠርሙስም ያካትታል። አርባ ጠርሙስ ስትመልሱ 12 ሼቄል ነው። ስትገዙ ከፍላችሁታልና ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ የራሳችሁን ገንዘብ ነው የምታስመልሱት።

መደርደሪያው ላይ ትልቁን ዋጋ ብቻ አትዩ። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈ የ100 ግራም ወይም የ100 ሚሊ ሊትር ዋጋ አለ። ትልቁ ማሸጊያ ሁልጊዜ ይረክሳል ብላችሁ እንዳታምኑ፤ እኔ ለዓመታት አምኜ ትልልቁን ስሸከም ኖሬያለሁ። መደበኛው ወተት፣ እንቁላል፣ ጨውና ተራው ዳቦ ዋጋቸው በመንግሥት የተወሰነ ነው፤ አጠገባቸው የተደረደሩት ያማሩ ዓይነቶች ግን አይደሉም። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው፤ ሌላው ግን በ2025 መጀመሪያ ከ17 ወደ 18 በመቶ ያደገውን ታክስ ይከፍላል። ነታንያ መሐል ከተማ ያለው ሹክ የሚባለው የገበያ ቦታ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዐርብ ሊዘጋ ሲል ነጋዴው ዕቃውን ለእሑድ ማሳደር ስለማይፈልግ ድምፁ ከፍ፣ ዋጋው ዝቅ ይላል። እኔ ድንብላልና ቲማቲም የምገዛው በዚያ ሰዓት ነው። ሥጋና ዓሣ ግን በጠዋት።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የሞቀ ውኃ። ጣሪያችን ላይ ያለው ዱድ የሚባለው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ በ1980 በወጣው ሕግ ምክንያት በአዳዲስ የመኖሪያ ቤቶች ግዴታ የሆነው ነው። በበጋ መብራት ሳትነኩ ለሁለት ሰው ይበቃል። ዝናብ የሚዘንብበት ዐርብ ግን ሰንበት ሳትገባ የዱዱን ማብሪያ ማስታወስ ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ይህ የማን ሥራ እንደሆነ እስካሁን አልተወሰነም። በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበው ሰው ነው ሁልጊዜ የሚያስታውሰው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዐርብ እስከ ቀትር ካለቀ ምን ይቀራል? ጥሩው ይቀራል።

ሰንበት የምትጠብቁም የማትጠብቁም ታዳምጡናላችሁ፤ ሁለታችሁም ቤተሰብ ናችሁ። እኛ ቤት ለአማቴ ክብር ስንል መኪና የሚያስፈልገውን ሽርሽር ዐርብ፣ በእግር የሚሆነውን ቅዳሜ አድርገነዋል። መኪና የሌለው ሰውም በዚህ ይጠቀማል፤ በአካባቢያችን ከዐርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ የለምና።

የዐርቡ ቅርብ መዳረሻ ባሕሩ ነው። ነታንያ በ1929 የተቆረቆረችው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ኩርካር የሚባል ከአሸዋ የተጋገረ ድንጋይ። አፋፉ ላይ ያለው መናፈሻ ለሁለት ሰው ቀስ ብሎ መሄጃ እንዲሆን የተሠራ ይመስላል፤ ወደ ሲሮኒት ባሕር ዳርቻም በአሳንሰር ይወረዳል። አደራ የምላችሁ ግን አለኝ። ኩርካር በክረምት ዝናብ ይናዳል፤ ከአጥሩ አልፋችሁ ጠርዝ ላይ ፎቶ አትነሡ፣ ከገደሉ ሥርም ጥላ ፍለጋ አትቀመጡ። ውኃ የምትገቡት የዋናተኞች ጠባቂ ባለበት ቦታና ሰዓት ብቻ ይሁን። ነጭ ባንዲራ ግቡ፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ፈጽሞ አትግቡ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ጣና ወይም ወንዝ እያየን ነው፤ ባሕር ግን የታችኛው ማዕበል እግር ይዞ ይጎትታል። አደጋ ቢደርስ 101 ደውሉ።

በፌብሩዋሪ ደግሞ ባሕሩን ተዉትና ወደ ደቡብ ነታንያ፣ ወደ ኢሩስ ጥብቅ ቦታ ሂዱ። እዚያ የሚያብበው ኢሩስ ሃአርጋማን የሚባል አበባ ቀለሙ ከወይን ጠጅ ጠቁሮ ወደ ጥላሸት የሚጠጋ ነው፤ በተፈጥሮ የሚበቅለው በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ሜዳ ብቻ ነው። ለንብ የሚሰጠው የአበባ ወለላ የለውም። ታዲያ ማን ያራባዋል? ማታ ማታ ወንድ የዱር ንቦች ማደሪያ ፍለጋ አበባው ውስጥ ይገባሉ፤ ጠዋት ጥቁሩ አበባ የፀሐይዋን ሙቀት ቶሎ ይስባል፣ ንቦቹም ሞቋቸው ይነሣሉ። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የአበባውን ብናኝ ያዳርሱለታል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «እነሱም ሥራቸውን የሚሠሩት በእንቅልፍ ነው፣ እንደ አንዳንዱ» ብላ ወደ እኔ አየች። አበባውን መቅጠፍ በሕግ ክልክል ነው። እናቶቻችን ለበዓል ቄጠማና አደይ የሚለቅሙበት አገር ልጆች ነንና ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብናል፤ የእዚህ አገር ሰውም ቢሆን በ1960ዎቹ በተደረገ ታላቅ ቅስቀሳ ነው እጁን የሰበሰበው።

ወደ ሰሜን ደግሞ የአሌክሳንደር ወንዝ አለ፤ የኤሊ ድልድይ ወደሚባለው ሂዱ። እዚያ ያሉት ለስላሳ ልባስ ያላቸው ኤሊዎች እስከ 50 ኪሎ ይመዝናሉ፤ አፍንጫቸው እንደ ቱቦ ወጣ ያለ ነው። አባይም የእነዚሁ ዘመዶች ቤት ነው፤ ዝርያው ያው አንድ የአፍሪካ ዝርያ ነው። አማቴ ድልድዩ ላይ ቆመው ብዙ ደቂቃ አዩአቸውና «እነዚህስ በማን ዘመቻ መጡ?» አሉ። ወንዙ ለብዙ ዓመት በፍሳሽ የታመመ ነበር፤ አድነውት በ2003 ዓለም አቀፍ የወንዝ ሽልማት አግኝቷል። ዳቦ አትወርውሩላቸው፤ ምግባቸውን ራሳቸው ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ በእግር ነው። ከቤታችን ወጥተን ዛፍ ወዳለበት፣ ከዚያም በብርቱካን አትክልት ዳር እንሄዳለን። መዳረሻ የለንም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባለቤቴ በየመሐሉ «አንድ ነገር የረሳን አይመስልህም?» ትለኝ ነበር። አሁን ትታዋለች። ስልኮቻችንን ቤት እንተዋለን፤ ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ አይደለም፣ የእሷ ስልክ ውስጥ ሒሳብ አለ፣ የእኔ ውስጥ የገበያ ዝርዝር አለ። ስንመለስ ቀዝቃዛ ዳቦ እንበላለን፤ ይህን ከአማቴ ነው የወሰድነው። ፕላታው እያለ እንኳ ዳቦውን አናሞቀውም።

ሦስት ኮከብ ሲወጣ ባለቤቴ የቡና ምጣዱን ትጥዳለች። የመጀመሪያው ጢስ ሲወጣ እኔ ስልኬን አንሥቼ ነታንያ እደውላለሁ።

«እማዬ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ይመስገን ልጄ። ዱቄቱ ደርሶኛል። በሚመጣው ዐርብ ትመጣላችሁ?»

«እንመጣለን።»

«በስንት ሰዓት?»

«በአራት።»

«በየትኛው አራት?»

(የመዝጊያ ዜማ)